ያደረ ውሃ

መርካቶ ውስጥ ለዓሣ ቤት ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መስታወት ቆራጮች ነው። እኔም እዚያው ሄድኩ። በወረቀት የጻፍኩትን ልክ ሰጠኋቸው፦ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር፣ መስታወቱ ባለ 6 ሚሊ። ሽማግሌው ቆራጭ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩትና «ለሱቅ ነው ልጄ? ዕቃ መደርደሪያ ነው?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ለዓሣ ነው።»

«በሕይወት ላለ ዓሣ?»

«አዎ ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ላሳድገው ነው።»

ሌላ አልጠየቁኝም። የመቁረጫቸውን ጫፍ ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ ነከር አደረጉ፤ ማስመሪያውን በግራ መዳፋቸው ተጭነው ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡት። ጭር አለ። መስታወቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ አድርገው ጫን ሲሉት እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጥ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። አምስቱንም ቁራጭ እንዲህ አወጡና «ጠርዙን ልሞርድልህ፤ ውሃ በቀየርክ ቁጥር እጅህን ይበላሃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ውሃ መቀየር ነው።

መርካቶ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን የአራዳውን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ካዛወረው ወዲህ፣ እዚህ ሰፈር ተፈልጎ የሚታጣ ዕቃ ጥቂት ነው። ሲሊኮኑ፣ ስሱ የላስቲክ ቱቦ፣ ስፖንጁ፣ ሰፊው ሳፋ፣ ሁሉም በአንድ ቀን እግር ይገኛል። ለመቆሚያው የሚሆን የብረት አንግል ምናለሽ ተራ ገብቼ ከአሮጌው መሐል መረጥኩ። መቆሚያው በዋዛ የሚታይ አይደለም። ሳጥኑ 60 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ነውና መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመርበት ከ75 ኪሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ ሸክም በተራ የቡና ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

ስለ ሲሊኮኑ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል፤ ያ መድኃኒት ዓሣ ይገድላል። የሚፈለገው ምንም ያልተጨመረበት፣ ለመስታወት የሚሆነው ንጹሑ ዓይነት ነው። ሲቀባ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ውሃ አይገባበትም። እኔ በየማለዳው እየተነሣሁ አፍንጫዬን ማዕዘኑ ላይ አስጠጋ ነበር።

ሳጥኑ ካለቀ በኋላ ያለው ነው ዋናው ትምህርት። ዓሣ የሚኖረው በራሱ ሽንት ውስጥ ነው። በልቶ የሚያስወግደው አሞኒያ ወንዝ ውስጥ ቢሆን ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል፤ 60 ሊትር ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም፤ ተጠራቅሞ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ይህን የሚያጸዱ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ እሱ በመጠኑ ጉዳት የለውም፤ በየሳምንቱ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። እነዚህ ፍጥረታት በጠጠሩና በስፖንጁ ላይ ተራብተው ሳጥኑን ለመሸከም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ሳጥን በገዛ በማግስቱ አሥር ዓሣ የሚጨምር ሰው ዓሣዎቹ በሳምንቱ ሲያልቁበት «ዕድል የለኝም» ይላል። የጎደለው ዕድል አይደለም፤ ባክቴሪያዎቹ ገና አልተባዙም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአንዲት የሠፈራችን ሴት ነው፤ ለዓመታት ዓሣ አሳድጋለች። ዓሣ እንድትሰጠኝ ስጠይቃት «ወንድሜ፣ መጀመሪያ እርሾ ውሰድ» ብላ ከራሷ ሳጥን አሮጌ፣ ቡናማ፣ ዝልግልግ ያለ ስፖንጅ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ከጎረቤት እርሾ ተውሶ ሊጥ እንደሚቦካ ሁሉ፣ ከዳበረ ሳጥን በወጣ ስፖንጅ አዲሱ ሳጥን ይጀመራል። የሊጥ ቡሃቃ ተፈግፍጎ እንደማይታጠብ ሁሉ ስፖንጁም በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ከሳጥኑ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ይመለሳል። በቧንቧ ውሃ ያጠበው ሰው እርሾውን ገደለ ማለት ነው።

ለምን ቢባል፣ በክሎሪን ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። ለእኛ ጤና ሲባል የሚጨመርበት ክሎሪን ባክቴሪያ ይገድላል፤ የዓሣንም ስንጥብ ይጎዳል። በሌላ አገር ያለ አርቢ ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ ይገዛል። እኛ ግን ውሃ በፈረቃ ስለሚደርሰን ከጥንትም አጠራቅመን ነው የምንኖረው፤ ሮቶው፣ በርሜሉ፣ የተደረደረው ቢጫ ጀሪካን የየቤታችን ጌጥ ነው። ክሎሪን ጋዝ ነውና ውሃው አየር እያገኘ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር በኖ ይወጣል። ውሃ ማሳደር የለመደ ቤት የዓሣ አርቢነትን ግማሽ ሥራ ሳያውቀው ሲሠራ ኖሯል።

ግን አየር ማግኘት አለበት። ይህን ያወቅሁት በጥፋቴ ነው። አንድ ቀን ሦስት ቀን የተቀመጠ ጀሪካን አነሣሁና ያደረ ነው ብዬ ተማምኜ ሲሶውን ውሃ ቀየርኩበት። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ክዳኑም ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ክሎሪኑ በየት ይውጣ? ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱም ዓሣዎች ከላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጉ ጀመር። የትልቁ ዓሣ ስንጥብ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቀልቶ በቶሎ በቶሎ ይከፈት ነበር። ሳፋ ውስጥ ያደረ ውሃ ስላልነበረኝ ማድረግ የቻልኩት የአየር ፓምፑን ማጠንከር ብቻ ነው። ሲነጋ ሁለቱ ተርፈዋል፤ ትልቁ ግን ጠጠሩ ላይ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለዓሣ የሚሆነው ውሃ የሚያድረው ሳፋ ውስጥ ነው፤ አፉ ተከፍቶ፣ ሁለት ቀን።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ ጉዳይ ከፍታው ነው። መርካቶ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 7 አይሞላም። የውጭ መጽሐፍ «ለዚህ ሳጥን ስድስት ዓሣ» ቢል እኔ አራት እላለሁ። ፓምፑም የሚያስፈልገው አረፋው ስለሚያምር አይደለም፤ የውሃው ፊት ሲንቀሳቀስ አየር ስለሚገባበት ነው። በየሆቴሉ መስተንግዶ ላይ የምናየው ክብ ብርጭቆ የሚያሳዝነኝም ለዚህ ነው፦ አፉ ጠባብ፣ ውሃው ጥቂት፣ ማጣሪያ የሌለው። ዓሣው እዚያ አይኖርም፤ ቀስ ብሎ ይሞታል።

ብርዱ ደግሞ አለ። በሐምሌ ማለዳ የእኔ ቴርሞሜትር 16 ላይ ቆሞ አይቻለሁ። ጋፒና እሱን የመሰሉ የሞቃት አገር ዓሣዎች 24 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋሉ፤ ማሞቂያ ግድ ይላቸዋል፤ ማሞቂያ ደግሞ የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ለአዲስ ጀማሪ የምመክረው ጎልድ ፊሽን ነው። የዚህ ዓሣ ቅድመ አያት የቻይና ደብዛዛ የወንዝ ዓሣ ነው፤ ከሺህ ዓመት በፊት ቻይናዎች ቀላ ብለው የተወለዱትን እየመረጡ በኩሬ አራቡት፤ ብርድ ያውቃል፤ ማሞቂያ አይሻም። ያም ሆኖ ሕፃን ሆኖ የተገዛው ጣት የማያክል ዓሣ አድጎ ከ15 ሳንቲ ሜትር እንደሚያልፍ፣ በወጉ ከተያዘም ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚኖር ማወቅ ይገባል። በእኔ ሳጥን ሁለት በቂ ነው፤ ሲያድጉ ደግሞ ሰፋ ያለ ቤት ይፈልጋሉ።

መብራት ሲጠፋ ከብርዱ ይልቅ የሚያሰጋው የአየሩ መቆም ነው። ፓምፑ ዝም ሲል ዓሣውም፣ ስፖንጁ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም ይታፈናሉ። እኔ ጣሳ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ከሳጥኑ እቀዳለሁ፣ ከአንድ ክንድ ከፍታ እመልሳለሁ፤ ቡና ከጀበና ወደ ስኒ እንደሚወርድ፣ ቀጭን አድርጌ። በየሩብ ሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ። የቤቱ ልጆች ይህን ሥራ ወደውት እርስ በርስ ይሻሙበታል።

ስለ ምግብ ብዙ የሚባል የለም። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል ብቻ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጾም። ተቀቅሎ የተላጠ አተር ለጎልድ ፊሽ ሆድ መልካም ነው። እንጀራ አይጣልበት።

የመስታወት ሳጥን ውስጥ ዓሣ ማሳደግ እንግሊዞች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የተስፋፋ ነገር ነው፤ የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን የከፈተው በ1853 ነው። ወደ እኛ የመጣው ከባሕር ማዶ ዓሣ ጋር ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ የራሳችን ዓሣዎች ለሳጥን የማይበቁ ሆነው አይደለምና። የባሮ ወንዝ ፖሊፕተረስ፣ ጀርባው ላይ እንደ መጋዝ የተደረደረ ክንፍ ያለውና ከውሃው ብቅ ብሎ አየር የሚስበው ጥንታዊ ዓሣ፣ በዓለም ላይ ስንትና ስንት አርቢ ቤት ይገኛል። ከአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማ ውሃ የተገኘች አንዲት ደቃቅ ዓሣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ የተገለጸችው በሁለት ሰዎች ነው፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁንና በአሜሪካዊው ኬኔት ላዛራ። ላዛራ እሷን የመሰሉ ደቃቅ ዓሣዎችን ስም ዝርዝር ለአርቢዎች ማኅበር ያዘጋጀ ሰው ነበር። አንድ የቤት ውስጥ አርቢ ያደረበት ፍቅር የኢትዮጵያን ዓሣ ስም እስከማውጣት አድርሶታል።

ለአዲስ አበባ ሳጥን ግን ልቤ የሚመርጠው ጋራ የሚባለውን ነው። አገጩ ሥር ባለች ክብ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ፣ ፈጣን ወንዝ ሳይወስደው፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እየጋጠ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው። አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ ብቻ አምስት አዲስ የጋራ ዝርያዎችን ገልጸዋል። ከዘመዶቹ በደጋ ወንዝ የሚኖሩት ብርድ ያውቃሉ፤ አየር የበዛበት የሚወርድ ውሃ ይወዳሉ፤ ማሞቂያ አያስፈልጋቸውም። ማንም ተነሥቶ ከወንዝ ይጥለፍ ማለቴ አይደለም፤ የአንዳንዱ መኖሪያ ጠባብ ነውና። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ቀረሶና ዱባ ዓሣ እንደሚያራባ ሁሉ ጥቂት ጋራ አራብቶ ለትምህርት ቤቶችና ለቤት አርቢዎች ቢያድል፣ የከተማ ልጅ የአገሩን ዓሣ ከምጣድ ውጭ ያውቀው ነበር። የባሕር ማዶውን ዓሣ ደግሞ ሰለቸኝ ብሎ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም፤ እንግዳ ዓሣ የነባሩን ምግብና እንቁላል ይቀማል።

ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ባዶው ቧንቧ ማፏጨት ሲጀምር ሰማሁት። ተነሥቼ መጀመሪያ የምግብ ማብሰያውን ጀሪካኖች ሞላሁ፤ ቀጥሎ በርሜሉን። በመጨረሻ የዓሣውን ሁለት ሳፋዎች ሞልቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸውና በላያቸው ላይ ምንም ሳልከድን ተመልሼ ተኛሁ።