«አመሏ ተነሳባት» አንበል

ጅቡቲ ከተማ በአንዲት ክፍል ብዙ ሆነን ስንኖር፣ አንዷ እህታችን በየወሩ ሆድ ሲብሳት፣ ስትበሳጭ፣ ጡቷን ሲያማት «አመሏ ተነሳባት» እንላለን። ነገሩ ግን የአመል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ፍራንክ 15 ሴቶችን አይተው፣ የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚይዛቸው ጭንቀት ከሆርሞን መብዛት ነው አሉ። በ1953 እንግሊዛዊቷ ሐኪም ካታሪና ዳልተን ከሬይመንድ ግሪን ጋር ሆነው፣ ጭንቀት ብቻ ሳይሆን ራስ ምታቱም እብጠቱም አንድ ላይ የሚመጣ ሕመም መሆኑን ጽፈው ስም ሰጡት። ዳልተን ራሳቸው በየወሩ ራስ ምታት ያሠቃያቸው ነበር። በ1998 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሆርሞኑ መጠን ከሌሎች ሴቶች እንደማይለይ፣ የሚለየው ሰውነት ለሆርሞን ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ እንደሆነ አሳዩ።

እኛም አገር ተጠንቷል። በ2014 የታተመ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ መልስ ከሰጡት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎች በ37 በመቶዎቹ ላይ አግኝቶታል።

እህቴ፣ የሚሰማሽን ለሁለት ወር በየቀኑ ጻፊ። የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል እየጀመረ፣ ከመጣ በኋላ የሚለቅሽ ከሆነ ምልክቱ ይሄ ነው። የጻፍሽውን ለሐኪም አሳዪ፤ ሕክምና አለው። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን አትቆዪ፣ ዛሬውኑ ለጤና ባለሙያ ንገሪ።