የባሕር ደቂቅ አልጌዎችና የብርሃን ቀለም

የባሕር ደቂቅ አልጌዎች (ደቂቅ ዋቅላሚዎች) ያለ ማይክሮስኮፕ በዓይን የማይለዩ፣ በብርሃን አስተጻምሮ ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ሕያዋን ናቸው። በምድር ላይ ከሚካሄደው ብርሃን አስተጻምሮ ግማሽ ያህሉን የሚያከናውኑት በባሕር የሚንሳፈፉት አልጌዎችና መሰል ባክቴሪያዎች ናቸው። የባሕር እንስሳት አብዛኛው ምግብም ከእነርሱ ይጀምራል።

የፀሐይ ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀለሞቹ እኩል አይዘልቁም። ቀዩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ይዋጣል፤ ሰማያዊው ግን በጠራ ውቅያኖስ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። በባሕር ዳርቻ ውሃው ስለሚደፈርስ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴው ያመዝናል። ስለዚህ አንድ አልጌ የሚያገኘው የብርሃን ቀለም እንደ ጥልቀቱና እንደ ቦታው ይለያያል።

ክሎሮፊል በይበልጥ የሚቀበለው ሰማያዊና ቀይ ብርሃንን ነው። ዳያቶሞች በተጨማሪ ፉኮዛንቲን የተባለ ቀለም ስላላቸው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን ይጠቀማሉ፤ ቡናማ መልካቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ፋይኮኤሪትሪን የተባለው ቀይ ቀለም ደግሞ አረንጓዴ ብርሃንን ይይዛል።

አንዳንዶቹ እንደ ብርሃኑ ራሳቸውን ይለውጣሉ። ቀድሞ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይባል ከነበረው የባክቴሪያ ወገን የሆነው ሲኔኮኮከስ፣ ከፊል ዝርያዎቹ ብርሃኑ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ሲቀየር በፋይኮኤሪትሪን ላይ የተያያዙትን ብርሃን ተቀባይ ሞለኪውሎች ይተካሉ። ብርሃኑ ሲመለስ እነርሱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

ይህ ጠባይ ለሰውም ጠቅሟል። ክሎሮፊል የበዛበት ባሕር ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጠቀችው ኒምበስ 7 ጀምሮ ሳተላይቶች በዚህ የቀለም ልዩነት የአልጌዎችን ብዛት ከጠፈር ይገምታሉ።