ሞተሩና መርፌዋ

ቤይሩት ውስጥ ዳውላ የሚባለው የመንግሥት መብራት ሲጠፋ የሰፈር ጀኔሬተር ሞተር ይነሳል። ከሐምራ እስከ ቡርጅ ሐሙድ፣ ከዶራ እስከ ሐደት ኑሮ ኢሽቲራክ በሚባለው የጀኔሬተር ደንበኝነት ከተያዘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ዴር አማርና ዛህራኒ የተባሉት የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ ጨርሰው ሲቆሙ የመንግሥት መብራት በመላው ሊባኖስ ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ከተማ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ መሥራት የሚፈልግ ሰው፣ ስለ መሣሪያው ከሚወራው ውስጥ የትኛው ልክ እንዳልሆነ አጣርቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ማይክሮስኮፕ ስለተባለ በመስታወት አጉልቶ የሚያይ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አያይም፤ ይዳስሳል። ቢኒግ፣ ክዌትና ገርበር በ1986 ይፋ ያደረጉት ይህ መሣሪያ የሚሠራው ካንቲሊቨር በሚባል፣ በአንድ ጫፉ ብቻ በታሰረ ስስ የሲሊከን ዘንግ ነው። የተለመደው ዓይነት 125 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል። በነፃው ጫፉ ላይ ያለችው መርፌ በሴኮንድ 300,000 ጊዜ ገደማ እየተወዛወዘች የናሙናውን ገጽ መታ መታ ታደርጋለች።

በካንቲሊቨሩ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ሌዘር መርፌዋ ስንት ናኖሜትር እንደተነሳች በቀጥታ ይለካል የሚለው እምነት ደግሞ ባለሙያዎችንም ያሳስታል። ከዚያ ነጥሮ የሚመለሰው ብርሃን የሚናገረው የዘንጉን ዘንበል ማለት ነው እንጂ ከፍታውን አይደለም። ዘንጉ ከመሠረታዊ ውዝዋዜው በተጨማሪ 6.27 እጥፍ የሚፈጥን ሁለተኛ ውዝዋዜ አለው። ጫፉ እኩል ከፍታ ቢንቀሳቀስ እንኳ ሁለተኛው 3.5 እጥፍ ያህል የበለጠ ምልክት ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ መለኪያ ያሰላ ሰው የተሳሳተ ኃይል ያገኛል።

ከሁሉም የከፋው ግን መርፌዋ ሁልጊዜ ለስላሳ ሞገድ ትሠራለች፣ ከዚያ ያፈነገጠው ሁሉ ረብሻ ነው ማለት ነው። ወደ ናሙናው ስትጠጋ ይስባታል፤ ስትነካው ይገፋታል። ኃይሉ ከርቀቱ ጋር እኩል ስለማይጨምር ሞገዷ ይዛባል፤ ተመሳሳይ ግፊት እየተሰጣት ሁለት የተለያዩ የውዝዋዜ ስፋቶች ሊኖሯትም ይችላል። መዛባቱ ግን ስለ ናሙናው ጥንካሬና ማጣበቅ የሚናገር መረጃ ነው። በስቶክሆልም የንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም የዴቪድ ሃቪላንድ ቡድን በ2008 ያቀረበው ዘዴ በዚሁ ላይ የቆመ ነው፦ ካንቲሊቨሩን በሁለት ተቀራራቢ ፍሪኩዌንሲዎች ያንቀሳቅሱታል፤ ከንክኪው የሚወለዱትን አዳዲስ ፍሪኩዌንሲዎች ይለካሉ።

አሁን ወደ ሞተሩ። «300 ኪሎኸርትዝ ለሚወዛወዝ ዘንግ የጀኔሬተር ንዝረት ምኑ ነው?» ይባላል። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚሽከረከር ናፍጣ ሞተር ወለሉን 25 ኸርትዝ ያናውጣል። ንዝረቱ በመርፌዋና በናሙናው መካከል ያለውን ክፍተት እያሰፋ ሲያጠብ፣ ከዋናው ፍሪኩዌንሲ ግራና ቀኝ በ25 ኸርትዝ ርቀት ሁለት ጎረቤቶች ብቅ ይላሉ። አንድ መስመር በአንድ ሴኮንድ ሲቃኝ በምስሉ ላይ ናሙናው የሌለው 25 ሞገድ ይሰለፋል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። መርፌዋን ከናሙናው አርቆ መለካት፤ ጎረቤቶቹ ያኔ ጠፍተው ስትጠጋ ከተመለሱ የሚናወጠው ክፍተቱ ነው። ከሽቦ የገባ የመብራት ጉርምርምታ ከሆነ ግን ራሱ 50 ኸርትዝ ላይ ይታያል፤ መርፌዋ ብትርቅም አይጠፋም።