ቶሎ የሚይዝ፣ ቶሎ የሚያረጅ ፕላስተር

መርካቶ ዕቃ የሚያስጭነው ነጋዴም፣ ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ ዘመዷ በርበሬና ሽሮ የምትቋጥረው እናትም ካርቶናቸውን የሚያሽጉት በዚያው ሰፊ ፕላስተር ነው። ጀርባው ስስ የፖሊፕሮፒሊን ላስቲክ ነው። የሚያጣብቀው ፊቱ ግን ከሁለት ነገሮች በአንዱ የተሠራ ነው፤ ወይ በአክሪሊክ፣ ወይ በሰው ሠራሽ ጎማ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ጠባያቸው ግን በጣም ይራራቃል። እዚህ የማስተዋውቀው ጎማውን ነው። በቦታው ከዋለ አቻ የለውም፤ ያለ ቦታው ከዋለ ደግሞ ምትክ የሌለውን ነገር ያበላሻል።

ፕላስተርን ለገበያ ካበቁት ሰዎች ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊው ሪቻርድ ድሩ ነው። በሚኒሶታ ግዛት ስሪ ኤም በተባለው ኩባንያ ሲሠራ፣ መኪና በሁለት ቀለም የሚቀቡ ሠራተኞች የሚገለገሉበትን የወረቀት ፕላስተር በ1925 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሠራ፤ በ1930 ደግሞ ግልጹን የሴሎፌን ፕላስተር አስከተለ። የዚያ ዘመን ማጣበቂያ በአብዛኛው ከዛፍ የሚወጣው የተፈጥሮ ጎማ ነበር። ጎማው በነዳጅ ዘር ፈሳሽ ይሟሟል፣ ከሬዚን ጋር ይደባለቃል፣ በጀርባው ላይ ይቀባል፣ ከዚያ ፈሳሹ በሙቀት እንዲተን ይደረጋል። ትነቱ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ለሚተነፍሰው ሠራተኛም ጠንቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ እርሻዎች ስትይዝ አሜሪካ ሰው ሠራሽ ጎማ በብዛት ለማምረት ተገደደች፤ ያ ጎማ ግን በዋናነት የታሰበው ለተሽከርካሪ ነበር። ለፕላስተር የሚሆነው ትልቁ ለውጥ የመጣው ሼል ኩባንያ ክራተን የተሰኘውን አዲስ የጎማ ዓይነት በ1965 ለገበያ ሲያቀርብ ነው።

የዚህ ጎማ ሞለኪውል አሠራሩ በእውነት ያስደንቃል። ሦስት ክፍል አለው። ለፕላስተር በብዛት በሚመረጠው ዓይነት መሃሉ ረጅምና ልስልስ ነው፤ ፖሊአይሶፕሪን ይባላል፤ የዛፉ ጎማም በመሠረቱ ይኸው ነው። ሁለቱ ጫፎች ግን ፖሊስታይሪን ናቸው፤ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ነጭ ፎም የሚሠራበት ደረቅ ፕላስቲክ። ልስልሱና ደረቁ ስለማይዋሃዱ ጫፎቹ እየተፈላለጉ ይሰባሰቡና በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ እንክብሎች ይሆናሉ። መሃሉ ከአንዱ እንክብል ወደ ሌላው ተዘርግቶ ይቀራል። ነገሩ የዓሣ መረብ ነው፤ ገመዱ ይሳባል፣ ቋጠሮው ይይዛል። የመኪና ጎማ ቅርጹን እንዲይዝ በድኝ መቀቀል አለበት፤ ይህ ግን ድኝም ሆነ ሌላ ማያያዣ አይፈልግም። ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ቋጠሮዎቹ ይፈቱና እንደ ወፍራም ማር ይፈሳል፤ በላስቲኩ ላይ ተቀብቶ ሲበርድ ቋጠሮው ራሱ ተመልሶ ይቋጠራል። የሚተን ፈሳሽ የለም፣ ማድረቂያ ምድጃ የለም፣ ጊዜም አይፈጅም። የዋጋው መርከስ አንዱ ሚስጥር ይኸው ነው።

ጎማው ብቻውን ግን እምብዛም አያጣብቅም። እንዲይዝ የሚያደርገው ከጥድ ወይም ከነዳጅ የሚገኝ ሬዚን ነው፤ እንዲለሰልስ ዘይት፣ እንዳያረጅ ደግሞ ጥቂት የኦክሲጅን መከላከያ ይጨመርበታል። ከጠቅላላው ቅልቅል ጎማው ብዙ ጊዜ ግማሽም አይሞላም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በጎ ጎኑም ድክመቱም የሚመነጨው ከዚህ ቅልቅል ነውና።

በጎ ጎኑን ለማየት አንድ አቧራ የነካው፣ ተደጋግሞ የተሠራበት ካርቶን በቂ ነው። ፕላስተሩን ለጥፈው በአውራ ጣት አንዴ ጫን ይበሉና ወዲያው ይላጡት። የጎማ ከሆነ የወረቀቱን ጭረት ይዞ ይነሳል። አክሪሊክ በዚያች ቅጽበት አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይላቀቃል፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት አንድም ሁለትም ቀን ሊወስድበት ይችላል። በሰዓት ብዙ መቶ ካርቶን ለሚያሽግ መጋዘን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ካርቶኑ ታሽጎ ወዲያው ይነሳል፣ ይወረወራል፣ ይደራረባል።

ሁለተኛው ብርታቱ ሌላ ማጣበቂያ የሚሸሸው ቦታ ላይ መያዙ ነው። ፌስታልና የማዳበሪያ ጆንያ የሚሠሩባቸው ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ቀለምም ሙጫም እሺ ብለው አይቀበሉም። ጎማውና ሬዚኑ ግን እንደ እነሱ ሁሉ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ የነዳጅ ዘመዶች ስለሆኑ ፊታቸው ላይ ተዘርግተው ይቀመጣሉ። የሕፃን ዳይፐር ንብርብሮች እርስ በርስ የሚያያዙት በዚሁ ዓይነት ማጣበቂያ ነው። የዛፉ ጎማ በአንዳንድ ሰዎች ላይ አለርጂ የሚያስነሳ ፕሮቲን አለው፤ በሰው ሠራሹ ውስጥ ግን ያ ፕሮቲን የለም።

አሁን ወደ ድክመቱ። ቋጠሮው በሙቀት የሚፈታ ከሆነ በፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በፀሐይም መላላቱ አይቀርም። ከ60 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ሸክም ያለበት ፕላስተር መንሸራተት ሊጀምር ይችላል። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና እዚያ ይደርሳል፤ በሙቀቱ ወራት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተጭኖ ጅቡቲ ወደብ ላይ ፀሐይ የሚመታው ኮንቴነርም እንዲሁ። የካርቶኑ ክዳን ለመነሳት ያለ ዕረፍት ይገፋል፤ ፕላስተሩ ሳይበጠስ ሳይላጥ በዝግታ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከኋላውም እጅ የሚይዝ ዝልግልግ መስመር ይተዋል። ብርድም አይስማማውም፤ ይደርቅና የመያዝ ኃይሉን ያጣል። አበባ ወይም ሥጋ በቀዝቃዛ ክፍል የሚያሽግ ሰው ካርቶኑን ከማስገባቱ በፊት ቢያሽገው ይሻለዋል።

ዘይትም ጠላቱ ነው። ንጥር ቅቤ የፈሰሰበት ዕቃ ላይ የተለጠፈ የጎማ ፕላስተር ሳይቆይ ይለቃል፤ ቅባቱ ገብቶ ጎማውን ያሟሟዋል። ይህ ድክመት ለቤት እመቤት ይጠቅማል፤ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ላይ የቀረ ሙጫ ጥቂት የምግብ ዘይት ተቀብቶ ትንሽ ከቆየ በጨርቅ ይጠረጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ጊዜ የሚያመጣው ነው። በልስልሱ መሃል ያሉት የካርቦን ድርብ ትስስሮች ለኦክሲጅን፣ ለኦዞንና ለፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የተጋለጡ ናቸው። መሃሉ ፖሊአይሶፕሪን ሲሆን ሰንሰለቱ ይቆራረጥና መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ይዝለገለጋል፤ መሃሉ ፖሊቡታዳይን በሆነው ዓይነት ደግሞ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይደርቃሉ። በሁለቱም መንገድ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል። ዘይቱም ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ይገባል።

ይህ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል የሙት ባሕር ጥቅልሎች የሚባሉት ጥንታዊ የብራና ጽሑፎች ይመሰክራሉ። በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በኩምራን 4ኛ ዋሻ በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ተገኝተው ነበር፤ ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን የመጽሐፈ ሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮችም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። በ1950ዎቹ ኢየሩሳሌም ላይ ሲያነቧቸው የነበሩት ሊቃውንት ቁርጥራጭን ከቁርጥራጭ ለማጋጠም በእጃቸው የነበረውን የጎማ ሙጫ ፕላስተር ለጠፉ፤ በመስታወት መካከልም አስቀመጧቸው። ሙጫው ወደ ቆዳው ሰረገ፤ ጠቆረ፤ አንዳንድ ፊደል ከሥሩ ጠፋ። ሁለት ሺህ ዓመት ዋሻ ውስጥ የቆየውን ብራና ጥቂት አሥርተ ዓመታት የፕላስተር ዕድሜ ጎዳው። የእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን በ1991 ለዚሁ ሥራ የጥበቃ ላቦራቶሪ አቋቁሞ፣ ባለሙያዎች ያንን ሙጫ በትዕግሥት ሲያነሱ ኖረዋል። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያሳዝነኝ። ያ ሙጫ የዛፍ ጎማ ነበር፤ የዛሬው ሰው ሠራሽ መሃሉ ያው ስለሆነ በዚያው መንገድ ያረጃል። የኦክሲጅን መከላከያው ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ኬሚስቶች ለዚህም መላ አላጡም። በመሃሉ ላይ ሃይድሮጅን ተጨምሮ ድርብ ትስስሩ እንዲዘጋ የተደረገ የጎማ ዓይነት አለ፤ ፀሐይን በእጅጉ የተሻለ ይቋቋማል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ስለዚህ መስኮት ላይ ለሚለጠፍ፣ ደጅ ለሚውል፣ ዓመታት ለሚቆይ ሥራ አክሪሊኩን ይግዙ፤ ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ብቻ ይታገሡት። በሳምንታት ውስጥ ደርሶ ለሚከፈት ካርቶን ግን የጎማውን የሚያህል አላውቅም።

ለወረቀት ቅርስ ሁለቱም አይሆኑም። የወረቀት ጠባቂዎች የተቀደደን ገጽ የሚጠግኑት በስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ ነው፤ ያ ሙጫ በውሃ ርሶ መልሶ ይነሳል። የእኛ ብራና ሠሪዎችም ቀዳዳውን በመርፌ ሲሰፉት ኖረዋል። ሳጥን ውስጥ ያለው የቤት ካርታ፣ የአያት ፎቶግራፍ ወይም የትምህርት ማስረጃ ቀድሞ ፕላስተር ተለጥፎበት ከሆነ አይላጡት፤ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። መጀመሪያ በስካነር ወይም በጥሩ ካሜራ ቅጂ ያስቀሩ፤ ከዚያ ከብርሃንና ከሙቀት አርቀው፣ ሙጫው ሌላ ገጽ እንዳይዝ ለብቻው በንጹሕ ወረቀት መካከል ያስቀምጡት።