ያውቁ ኖሯል? ባለቅኔው ሰይፍ የመዘዘበት ጨዋታ

«ኦነር ኦፍ ኪንግስ» እ.ኤ.አ. በ2015 በቻይና የወጣ የሞባይል ጨዋታ ነው። አምስት ለአምስት የተሰለፉ ተጫዋቾች የባላንጣን ማማ እያፈረሱ ዋናውን ምሽግ ለመጣል ይፋለማሉ።

የሚደንቀው የተፋላሚዎቹ ማንነት ነው። ሊ ባይን እንውሰድ፦ በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት የኖረ፣ ስለ ወይንና ስለ ጨረቃ የተቀኘ ታላቅ ባለቅኔ ነው። እዚህ ሰይፉን መዝዞ እንደ መብረቅ ይወረወራል። (በሕይወቱም ሰይፍ ወዳጅ ነበርና ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም።) ከአፈ ታሪክ ደግሞ የዝንጀሮዎቹ ንጉሥ ሱን ዉኮንግ ዱላውን ይዞ ይሰለፋል።

በጂንግ ኬ ላይ ግን ነገሩ ከረረ። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ227 የቺንን ንጉሥ ሊገድል ሞክሮ ሕይወቱን ያጣ ወንድ ነው፤ ጨዋታው ሴት አድርጎት ነበር። በ2017 «ታሪክ ተዛባ» የሚለው ትችት ሲበረታ አዘጋጆቹ ስሟን «አ ኬ» ብለው ቀየሩት። ደግ አደረጉ፤ ብዙ ልጆች እነዚህን ስሞች መጀመሪያ የሚሰሙት ከስልካቸው ነውና።

በ2020 የጨዋታው ባለቤት ቴንሰንት የተጫዋቾቹ ቁጥር በቀን በአማካይ ከ100 ሚሊዮን ማለፉን አስታውቋል።