«አንድ ለእናቱ» የሚባለው ልጅ

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ለመሳለም አምባሰል የሚወጣ ምዕመን የሚረግጠው አምባ፣ በአንድ ወቅት የነገሥታት ወንድሞች ግዞት ነበር። በመካከለኛው ዘመን አንዱ ልዑል ሲነግሥ ወንድሞቹ ዙፋኑን እንዳይሻሙት እዚያ ላይ ይጠበቁ ነበር። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በ1426 ዓ.ም. ለንግሥና የወረዱት ከዚሁ አምባ ነው።

ያኔ የሚያሰጋው የወንድም መብዛት ነበር። ዛሬ በዚያው በወሎ፣ በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ ወላጅን ሲያሳስብ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ ወንድምም እህትም የሌለው ልጅ። አማርኛ «አንድ ለእናቱ» ይለዋል። በስያሜው ውስጥ እዝነትም አለ፣ ጥርጣሬም አለ፤ ሞልቃቃ ይሆናል፣ ማካፈል አያውቅም፣ ሰው አይችልም ይባላል። እናቱ ደግሞ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ብላ፣ እኩዮቹ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኙ እሱን ከደጅ ትመልሰዋለች።

ጥርጣሬው የአማርኛ ተናጋሪው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ የልጆች ሥነ ልቦና ጥናት በአሜሪካ ገና ሲጀመር፣ ከሥነ ልቦና ሊቁ ስታንሊ ሆል ጋር ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ቦሃነን በመጠይቅ በሰበሰበው መረጃ ብቸኛ ልጆችን ጤናቸው የደከመ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር የማይስማሙ አድርጎ ሣላቸው። ይህ መጥፎ ስም ለብዙ አሥርት ዓመታት ተጣብቆባቸው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪዎቹ ቶኒ ፋልቦና ዴኒስ ፖሊት 115 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ ግን የተገኘው ሌላ ሆነ። ብቸኛ ልጆች በተግባቢነት ከሌሎቹ አልተለዩም። ለስኬት ባላቸው ጉጉትና ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ቅርበት እንዲያውም በመጠኑ በለጡ። የበኩር ልጅ ኃላፊነት ይወዳል፣ የመጨረሻው ነፃ ነው የሚለው እምነትም ብዙ አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በጀርመን ከ20,000 በላይ ሰዎችን የመረመረ ጥናት የልደት ቅደም ተከተል በጠባይ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ የለም ለማለት የሚያስደፍር ውጤት አግኝቷል።

ከቻይና የመጣው ማስረጃ ግን ቆም ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የአንድ ልጅ ፖሊሲ ከመጽናቱ በፊትና በኋላ የተወለዱ የቤጂንግ ነዋሪዎችን ሲያወዳድር፣ የኋለኞቹ ሰው ለማመን የሚያመነቱና ለውድድር የማይደፍሩ ሆነው ተገኙ። እዚያ ወንድም አልባ የሆነው አንድ ቤት ሳይሆን ትውልድ ነው። የጎረቤቱም ልጅ፣ የክፍል ጓደኛውም ብቸኛ ነበሩ።

ሐይቅ ላይ እንዲህ አይደለም። የቤተሰብ ቁጥር እየቀነሰ መሆኑ እውነት ነው። በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በ1992 ዓ.ም. በአማካይ 5.9 ልጅ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 3.7 ወርዷል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በዚያው ዓመት 1.8 ነበር። ይሁን እንጂ የወሎ ልጅ የአጎቱን ልጅ የሚያስተዋውቀው «ወንድሜ» ብሎ ነው፤ መለየት ሲፈልግ ብቻ «የእናቴ ልጅ» ይላል። አብሮ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ልጅ፣ የአበልጅ ልጅ፣ በፋሲካና በኢድ የሚጠራሩ የክርስቲያንና የሙስሊም ጎረቤታሞች ልጆች ግቢውን ይሞሉታል። «ሰው መቻል» የሚባለውን አንድ ለእናቱ የሚማረው ከእነሱ ጋር ተጣልቶ በመታረቅ ነው።

በብቸኛው ልጅና ወንድም እህት ባለው መካከል ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ጉርምስና ሲመጣ፣ በሥራና በኃላፊነት ላይ ነው። ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ታላቅ እህት ሕፃን አዝላ፣ ውሃ ቀድታ፣ እሳት አንድዳ ነው ወደ ትምህርት ቤት የምትሮጠው። በ14 ዓመቷ የሰው ፊት አይታ ችግሩን የምትረዳ ልጅ ትሆናለች፤ የዚህ ዋጋው ግን አንዳንዴ የቀረችበት ክፍል ነው፣ ሸክሟም እንደ ጨዋነት ብቻ ተወስዶ መታለፍ የለበትም። ብቸኛው ልጅ በተራው ሸክሙን የሚጋራው የለውም። ከደቡብ ወሎ ብዙ ወጣት ወደ ዓረብ አገር ይሰደዳል፤ ወንድም ያለው «እሱ ከእናቴ ጋር ይቆያል» ብሎ መንገድ ሊጀምር ይችላል። አንድ ለእናቱ የሆነው ጎረምሳ ግን ቢሄድም ቢቀርም የእናቱን እርጅና ብቻውን ያስባል። አንዳንዱ ቀድሞ የሚበስለው፣ ሌላው እልኸኛ የሚሆነው በዚህ ነው።

ወንድም ባለበት ቤት ትልቁ ጉዳት ከወላጅ አፍ ሊመጣ ይችላል። «እንደ እህትህ ብትሆን ምን ነበረበት?» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። አሌክሳንደር ጄንሰንና ሱዛን ማክሄል እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ የታላቅና የታናሽ ውጤት በአማካይ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ አብዛኞቹ ወላጆች በኩሩን ጎበዝ አድርገው ያስቡ ነበር። የኋላ ኋላም ወላጅ ጎበዝ ነው ያለው ልጅ ውጤቱ ከሌላው ይልቅ ተሻሻለ። ግምቱ ሳይነገር በዓይንና በሥራ ድልድል ወደ ልጁ ይደርሳል።

ስለዚህ ባለ ብዙ ልጅ ወላጅ ቢጀምር የሚሻለው የቤቱን ሥራ ከሴቷ ልጅ ትከሻ ላይ ለወንዶቹም በማካፈል ነው። የብቸኛ ልጅ ወላጅ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ልጁን አክስቱ ቤት እንዲከርም፣ ከአክስቱ ልጆች ጋር በአንድ መደብ እንዲተኛና በአንድ ትሪ እንዲበላ ይላከው። በኳስ ቢጣሉም አዋቂ ቶሎ አይግባ፤ ማታ ራት ሲቀርብ ያው እጃቸው የሚዘረጋው ወደ አንድ ትሪ ነው።