ዓለት የያዘውን ብረት መጎተት

እ.ኤ.አ. በ1949 የተጀመረው የአውስትራሊያው ስኖዊ ማውንቴንስ የኃይልና የመስኖ ግንባታ በተራራ ሆድ ውስጥ ወደ 145 ኪሎ ሜትር ዋሻ ያስቆፈረ ሥራ ነው። ከመሐንዲሶቹ አንዱ የነበረው ቶማስ ላንግ የሮክ ቦልትን፣ ማለትም ዓለት ውስጥ ተቀብሮ ዓለቱን የሚይዘውን ብረት፣ ነገር ያሳየው በተራ ባልዲ ነበር። ጠጠር ሞላበት፤ በጠጠሩ መሐል ትንንሽ ብሎኖች አስገብቶ ዳዷቸውን አጠበቀና ባልዲውን ደፋው። ጠጠሩ አልወረደም።

ምስጢሩ መጥበቃቸው ነው። ብሎኖቹ ጠጠሩን እርስ በርሱ ስለሚያጣብቁት ራሱን በራሱ ይሸከማል፤ የተሰነጠቀ ዓለትም እንዲሁ። ችግሩ፣ ብረቱ ዓለት ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ለዓይን የሚተርፈው ዓለቱ ላይ የሚያርፈው ሰሌዳና ዳዶው ብቻ መሆኑ ነው። መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ተጎትቶ ነው።

መጎተቻው መሐሉ ክፍት የሆነ የሃይድሮሊክ ክሪክ ነው። በብረቱ ጫፍ ላይ ይጠልቅና በእጅ ፓምፕ ግፊቱ በየደረጃው ይጨመራል፤ በየደረጃው ቆም ተብሎ ብረቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣ ይመዘገባል። የሚለካው ጌጅ ክሪኩ በሚጫነው ዓለት ላይ ከተተከለ ንባቡ ይሳሳታል፤ ራቅ ብሎ ለብቻው መቆም አለበት። በብረቱ ትይዩ ደግሞ ሰው አይቆምም፤ ቢበጠስ እንደ ጥይት ነው። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥንካሬው 500 ሜጋፓስካል የሆነ ፌሮ ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው ወደ 25 ቶን ሲደርስ ነውና ጉልበቱ ቀላል አይደለም።

ይህ ፍተሻ ግን ከሚገባው በላይ ይታመናል። ሦስት ሜትር ብረት ዙሪያው በሲሚንቶ ወይም በሬዚን ሙጫ ተሞልቶ ሲቀበር፣ ከቀዳዳው አፍ አካባቢ ያለው አጭር ርዝመት በደንብ ከያዘ ጭነቱን ብቻውን ይችለዋል። ከዚያ በስተ ጀርባ ቀዳዳው ባዶ ቢሆንም ክሪኩ አያውቅም። ለዚህ ነው ጠንቃቆቹ ለሙከራ ብቻ ጥቂት ብረቶችን ሆን ብለው በአጭሩ የሚያጣብቁት፦ ሲሚንቶው ወይም ሬዚኑ እስኪለቅ ተጎትቶ በአንድ ሜትር ስንት እንደሚይዝ ይሰላል። ዓለት በድንገት በሚፈነዳባቸው ጥልቅ የማዕድን ጉድጓዶች ደግሞ ቀስ ብሎ መጎተት ስለማይበቃ፣ በብረቱ ላይ ከባድ ክብደት ከከፍታ ይለቀቅበታል።

ስለዚህ «20 ቶን ያዘ» የሚል ወረቀት የሚቀርብልህ ተቆጣጣሪ፣ ከመፈረምህ በፊት ስንት ሜትሩ እንደያዘ ጠይቅ። የሚጎተቱትንም ብረቶች ራስህ ምረጥ፤ ምርጫውን ለቀበራቸው ሰው አትተው።